ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ አመራረጥ፦ ከደብረ ብርሃን ኮብልስቶን እስከ ሸዋ ሮቢት እሾህ

የልጅ ጋሪ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጨርቁን ነው። ከዚያ ቀለሙን። ከዚያ የኩባያ ማስቀመጫ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጎማው ትዝ የሚለው ቤት ከገባ በኋላ፣ ልጁ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምንኖር ግን ነገሩ ተገልብጦ መሄድ አለበት። ከጎማ ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ። ጨርቅ ቢቆሽሽ ይታጠባል። ጎማው ካልሆነ ግን ጋሪው በር ጥግ ቆሞ ልብስ ሲከመርበት ይውላል።

ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ከመነሻው የሩጫ ዕቃ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ፊል ቤክለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ልጁን ይዞ መሮጥ ፈለገ። በጊዜው የነበረው ጋሪ ጎማው ትንንሽ ስለነበር አልሆነለትም። የብስክሌት ጎማ ገጠመለትና ሆነ። ከኋላ ሁለት ትልልቅ፣ ከፊት አንድ። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ብዙው ግን ቅርጹን እንጂ ጎማውን አልወረሰም። ሦስት ጎማ ስላለው ብቻ “ይሄ ኮረኮንች ይችላል” የሚል ሻጭ ሞልቷል። እንዳትሸወዱ።

መጀመሪያ መንገዳችሁን እዩ

ጋሪው በሳምንት ውስጥ የት የት ይሄዳል? ጤና ጣቢያ ለክትባት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ገበያ፣ አያት ቤት። እነዚህን መንገዶች አንድ ጊዜ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ሂዱባቸው። አስፋልቱ የት ያልቃል? ኮብልስቶኑ ደህና ነው ወይስ ድንጋዩ ተነቅሏል? ደረጃ የት ጋ አለ? የጎርፍ ቦዩስ ክዳን አለው?

የቦዩን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ብዙ ቦታ የምንረግጠው የእግረኛ መንገድ የቦዩ ክዳን ራሱ ነው። በክዳኖቹ መሀል ክፍተት አለ፣ አንዳንዱም ተሰብሮ ቀርቷል። ባለ አራት ጎማ ጋሪ አንዱ የፊት ጎማው ቢገባበት ሌላው ይይዘዋል። ባለ ሦስቱ ግን ከፊት ያለችው አንድ ጎማ ብቻ ናት። እሷ ከገባች ጋሪው በአፍንጫው ይደፋል። ስለዚህ በሰፈራችሁ ያለው ክፍተት ከጎማው ውፍረት የሚሰፋ ከሆነ ወይ መንገድ ቀይሩ፣ ወይ ጎማው ወፈር ያለ ጋሪ ፈልጉ።

ከዚያ ሜትር ያዙ። ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ከኋላ ሰፊ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የተለመደ ሲሆን ትልልቆቹ ከዚያ ያልፋሉ። የቤታችሁን በር ብቻ ሳይሆን የግቢውን በርም ለኩ። ትልቁ የብረት በር ሁሌ አይከፈትም። የምትገቡት በትንሿ በር ነው። እሷ ደግሞ ጠባብ ናት፣ ከታችም የብረት ደፍ አላት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ስንተኛ ፎቅ ናችሁ? አብዛኛው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ልጅ አቅፎ ያንን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ጨዋታ አይደለም። ከታች የሚቆለፍ ማስቀመጫ ከሌላችሁ ክብደቱን ከሁሉ በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። መንገዳችሁ በአብዛኛው አቀበት፣ ደረጃና ቀጭን የእግር መንገድ ከሆነ ጋሪ አትግዙ። አንኮበር አካባቢ ገደል ለገደል ለሚሄድ ሰው አንቀልባን የሚያህል የለም። አያቶቻችን “ልጅ ጀርባ ላይ ነው የሚሞቀው” ሲሉ ለወግ ብለው አይደለም። ጋሪ የሚጠቅመው ደልደል ያለ መንገድ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚሄድ፣ ወገቡን ለሚያመው፣ ወይም ልጁ ከብዶ ማዘል ላቃተው ሰው ነው።

ጎማው

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በጥፍራችሁ ስትመቱት ቀጭ ቀጭ ይላል። ለሆቴል ሳሎንና ለገበያ ማዕከል ወለል ይሆናል። ለኮብልስቶን አይሆንም፤ እያንዳንዷን ድንጋይ ቀጥታ ወደ ልጁ ያደርሳታል። ሦስት ጎማ ኖሮት ጎማው ፕላስቲክ የሆነውን ጋሪ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አስቡበት።

ሁለተኛው ውስጡ ስፖንጅ መሰል ድፍን ጎማ ነው። ሻጮች አንዳንዴ “የማይተነፍስ” ይሉታል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ይገባል። አይፈነዳም፣ ንፋስ አይፈልግም። መንገጫገጩን ግን እንደ ንፋሱ ጎማ አያለዝበውም።

ሦስተኛው ባለ ንፋሱ ነው፤ ውስጡ ከመነዳሪ ያለው፣ ልክ እንደ ብስክሌት። ለደብረ ብርሃን ኮብልስቶንና ለመንዝ ኮረኮንች ምርጫዬ ይሄ ነው። ድንጋዩን ይውጠዋል። ልጁም ይተኛል።

ጣርማበርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ፍርዱ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙም አትርቅም። ቆላው ውስጥ ግራር አለ፣ እሾሁም መንገድ ላይ ይረግፋል። ባለ ንፋስ ጎማ ይዞ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የሚኖር ሰው ከጎሚስታ ጋር ቤተሰብ ይሆናል። እዚያ የምትኖሩ ድፍኑን ግዙ። ወይም ባለ ንፋሱን ገዝታችሁ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ከመነዳሪው ውስጥ አስጨምሩ።

የጎማው ትልቅነትም አለ። የኋላዎቹ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁኑ። ኮረኮንች የሚበዛበት ሰው 16 ኢንች ቢያገኝ ይሻለዋል። የፊቷ ከኋላዎቹ ብታንስ ችግር የለውም፤ መዳፍ የምታህል ከሆነች ግን ተዉት፤ ሁለት ድንጋይ መሀል ትቀረቀራለች።

ባለ ንፋስ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። “12 ተኩል በ2 ከሩብ” ወይም “16 በ1.75” የሚል ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እነዚህ የልጆች ብስክሌት ቁጥሮችም ናቸው፤ ከመነዳሪው ከብስክሌት ዕቃ ሻጭ ሊገኝ ይችላል። እንግዳ ቁጥር ከሆነ ግን አንድ ትርፍ ከመነዳሪ ከጋሪው ጋር ካልተሰጣችሁ አትስማሙ። ሁለተኛ፣ ንፋስ የሚገባበት ቫልቭ እንደ መኪና ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ወፍራሙ የትም ይነፋል።

ለጎሚስታው በኮምፕሬሰር ንፋልኝ አትበሉ። የጋሪ ጎማ የሚችለው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)። ልኩ ጎማው ላይ ተጽፏል። ኮምፕሬሰር በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል። የብስክሌት የእጅ መንፊያ ይበቃል።

የፊቷ ጎማ

ጥሩ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ የፊት ጎማው ሁለት ጠባይ አለው። ይዞራል፣ ወይም ይቆለፋል። ገበያ ውስጥ ሰው መሀል ሲሆን ይፈታል፤ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ኮረኮንች ላይ፣ ቁልቁለት ላይና ሲሮጡ ይቆለፋል። ሳይቆለፍ በፍጥነት ከገፋችሁት ይርገበገባል፣ ከዚያ ወደ ጎን ይመታል። መቆለፊያ የሌለውን ለሰሜን ሸዋ መንገድ አልመክርም። በቃ።

ቆልፋችሁ ሞክሩት። ልጅ ሳይቀመጥበት ደልዳላ ወለል ላይ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ወደ አንድ ወገን ከሳበ አንዳንዶቹ ማስተካከያ ቁልፍ አላቸው፤ ከሌለው የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ጋሪ ላይ የፊት ጎማው በእጅ በሚጠብቅ ማሰሪያ ነው የሚያዘው። ለመንቀል ይመቻል፤ በደንብ ካልጠበቀ ግን እየሄደ ሊወልቅ ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት “ቦብ” የተባሉትን ጋሪዎች የሚሸጠውን ድርጅት ከሶ ነበር። ክሱ የዚያኑ ዓመት በስምምነት አልቋል። ነገሩ የሚመለከተው እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ወደ እኛ የሚመጣው ያገለገለ ጋሪ ከእነዚህ ሊሆን ስለሚችል የተሠራበትን ዓመት እዩ። የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፊቱን ከፍ አድርጋችሁ ጎማውን ወዝወዝ ማድረግ ልማድ ይሁንባችሁ።

እንዳይገለበጥ

ባጃጅ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ባለ ሦስት ጎማ ጋሪም እንደዚያው ነው፤ ከፊት በአንድ ነጥብ ስለሚቆም በሰያፍ ሲገፋ ይጋደላል። ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ባለ ሁለት ሊትር ውሃ አምስት ሃይላንድ ወንበሩ ላይ አድርጋችሁ ቀበቶውን እሰሩ። 10 ኪሎ ማለት ነው፤ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ያህል። ከዚያ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ገፋ አድርጉት። በቀላሉ አንድ የኋላ ጎማ የሚያነሳ ከሆነ ተዉት። ወንበሩ ዝቅ ያለና የኋላ ጎማዎቹ የተራራቁት ይሻላል።

እጀታው ላይ ዘንቢል አትስቀሉ። ፌስታልም ቢሆን። ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ልጁ ተቀምጦ ሳለም ዳገት ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ዕቃ ከታች ባለው ቅርጫት ውስጥ ይሁን፣ እሱም የተጻፈለትን ኪሎ ሳያልፍ። ቅርጫቱ ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ዳይፐር መያዙን እዩ፤ ከዚያ በላይ ለገበያ ጋሪ ሳይሆን ሰው ያስፈልጋል።

ፍሬኑ

ያንኑ አምስት ሃይላንድ ሳታወርዱ ተዳፋት ላይ አቁሙት። ፍሬኑን ያዙ። አንዴ ፊቱን ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ሁለቱንም የኋላ ጎማ መያዝ አለበት፤ አንዱን ብቻ የሚይዝ ፍሬን ጋሪውን ያዞረዋል። በነጠላ ጫማ ማስያዝና ማላቀቅ የሚቻል መሆኑንም ሞክሩ፤ አንዳንዱ ጣት ያቆስላል።

የእጅ ፍሬን ያላቸውም አሉ። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ለመቀነስ ናቸው እንጂ ለማቆሚያ አይደሉም። ሌላው የእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቀው ገመድ ነው። ሰው ይንቀዋል። ጣርማበር ላይ ወይም ደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ንፋስ የሚያውቅ ግን አይንቀውም፤ መከለያው ሲወጠር ንፋስ ይይዛል፣ ጋሪውም ይሄዳል። ለአንድ ደቂቃ ለሰላምታ ብትቆሙም ፍሬን ያዙ።

ወንበሩና ቀበቶው

ልጁ ስንት ወሩ ነው? ብዙዎቹ የሩጫ ጋሪዎች ወንበራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ራሱን ችሎ ለማይቀመጥ ልጅ አይሆኑም። አራስ ጠፍጣፋ መተኛት አለበት። ክርስትና በ40 ወይም በ80 ቀን ነው፤ ብዙ እናቶች ልጁን ይዘው የሚወጡት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያን ጊዜም ገና አንገቱ አልጠናም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ወንበሩ እስከ መጨረሻው የሚዘረጋ ወይም የሕፃን መኝታ የሚገጠምለት መሆን አለበት። ሩጫ ደግሞ ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ስምንት ይላሉ። መመሪያው ላይ ያለውን ጠብቁ፣ ጥርጣሬ ካላችሁም ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀበቶው አምስት ጫፍ ያለው ይሁን፤ ሁለት በትከሻ፣ ሁለት በወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሀል። የመሀሏ ዋና ናት፤ እሷ ከሌለች ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ የትከሻው ማሰሪያም አንገቱ ላይ ይመጣል። አስራችሁ ስታበቁ በትከሻው በኩል ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ጨርቁ ከታጠፈላችሁ ላልቷል።

ለኅዳርና ለታኅሣሥ ብርድ

የኛ አገር ውርጭ ጋሪው ውስጥ ያለውን ልጅ ከታች ነው የሚያገኘው። አባትና እናት ከላይ ሦስት ጋቢ ይደርባሉ፣ ከሥር ግን ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ መጀመሪያ ወፍራም ነገር አንጥፉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አለን፣ ልብስ ሰፊም ሞልቷል። ልኩን ወስዳችሁ የቀበቶ መውጫ ቀዳዳ ያለው ንጣፍ አሰፉ፤ ከውጭ ከሚመጣው ይረክሳል፣ ይሞቃልም። ፊት ላይ የሚመጣ፣ የሚሸሽ ለስላሳ ነገር ግን አራስ አጠገብ አታድርጉ።

ወፍራም ጃኬት አልብሶ በላዩ ቀበቶ ማሰር ሌላ ስህተት ነው። ጃኬቱ ሲጨመቅ ቀበቶው ይላላል። በስስ ልብስ እሰሩት፣ ከዚያ ከላይ አልብሱት።

አሁን ደግሞ እማማዎችን የሚያስቆጣውን ልናገር። ጋሪውን በነጠላ ወይም በጋቢ ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑ። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያየው ብለው ነው፤ ይገባኛል። ግን ውስጡ ይታፈናል፣ ፀሐይ ካለ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፣ ልጁም አይታይም። ከዓይን መጠበቅ ካስፈለገ ጋሪው የራሱ መከለያ አለው፤ እስከ ፊት የሚዘረጋ፣ ከኋላ መስኮት ያለው ምረጡ። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ብርዱን አያሸንፍም፣ ቆዳ ግን ያቃጥላል፤ ሰፊ መከለያ ለዚህም ይጠቅማል። ለክረምት የሚሆነው የፕላስቲክ የዝናብ ልባስ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ዝናቡ ሲያባራ አውልቁት።

ማጠፍና ማጓጓዝ

ጋሪው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ብዙውን ጊዜ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ። ረዳቱ በገመድ ሲያስረው ሻሲው ይጣመማል። ጎማዎቹን ነቅላችሁ፣ አጥፋችሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጫኑ፤ ከላዩ ጆንያ እንዳይጫንበት ቆማችሁ እዩ። ከተቻለ ከኋላ ወንበር ሥር ይግባ። ሱቁ ውስጥ ራሳችሁ አጥፋችሁ ዘርጉት፣ ሻጩ ሲያሳያችሁ ብቻ አይበቃም። ሲዘረጋ መቆለፉ በድምፅ ቀጭ ሊል ይገባል። ልጆች አጠገብ እያሉ አትጠፉት፤ መጋጠሚያው ጣት ይቆርጣል።

ያገለገለ ከሆነ

አዲስ ውድ ነው፤ ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። ደህና ያገለገለ ከርካሽ አዲስ ይበልጣል ባይ ነኝ። ግን ገልብጣችሁ እዩት።

ሻሲው ላይ ብየዳው ያለበትን ቦታ በጥፍር ዳሱ። ስንጥቅ ካለ ወደ በያጅ አትሂዱ፤ ብዙው አሉሚኒየም ነው፣ በመንገድ ዳር ብየዳ አይያዝም። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በአየር ላይ አሽከርክሩ። ከጮኸ ወይም ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፤ እሱ ይቀየራል፣ ዋጋው ላይ ተደራደሩበት። የጎማው ላስቲክ በጎኑ ከተሰነጣጠቀ ቆሞ የከረመ ነው። ቀበቶው ከዋናው ጋር የመጣ መሆኑን አረጋግጡ። ልብስ ሰፊ ቤት የተሠራ ማሰሪያ ካያችሁ ተዉት። ሻሲው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ፈልጉ፦ የሞዴል ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሚሸከመው ኪሎ። የአውሮፓ ከሆነ “1888” የሚል የደረጃ ቁጥር ይኖረዋል። ወረቀቷ ከተላጠች ሻጩን ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ “ጋሪ አምጣልኝ” ብቻ አትበሉት። የጎማውን ዓይነት፣ የፊት ጎማ መቆለፊያውን፣ የሚዘረጋ ወንበሩንና አንድ ትርፍ ከመነዳሪን ጽፋችሁ ላኩለት። ካልሆነ ቆንጆ ጨርቅና ፕላስቲክ ጎማ ነው የሚመጣላችሁ፤ አመስግናችሁ ትቀበላላችሁ፣ መመለሻ የለም።

ከገዛችሁ በኋላ

የመጀመሪያውን ቀን ባዶውን ግፉት። ደፍና ጠርዝ ስትወጡ እጀታውን ወደ ታች ተጭናችሁ የፊቷን ጎማ አንሱ፣ ቀጥ ብላችሁ ውጡ እንጂ በሰያፍ አትውጡ። ስትወርዱ ጋሪውን አዙራችሁ በኋላ ጎማው አውርዱ። ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ ኮብልስቶን ያላላል።

ክረምት ላይ ጭቃው ጎማው ውስጥ ይደርቃል። በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ አጽዱት። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታስረጩት፤ ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል።